ጣት በክር ላይ ሲንሸራተት

በቫዮሊን የ“ላ” ክር ላይ “ሲ” ከምትባለው ድምፅ ተነስቶ እዚያው ክር ላይ “ሬ” ጋ ለመድረስ ጣት የሚጓዘው 4.5 ሳንቲሜትር ያህል ነው። መንገዷ አጭር ናት። ግን ጣቱ በምን ፍጥነት ሄደባት? ክሩን ተጭኖ ነው ወይስ ዳሰስ እያደረገ? ደጋኑስ በዚያች ቅጽበት ጠበቅ አለ ወይስ ላላ? አድማጭ አንዱን ተጫዋች “ይህ ሰው በቫዮሊን ይዘፍናል” ብሎ ሌላውን “አልተሳሳተም፣ ግን ደረቀብኝ” የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህች አጭር መንገድ ላይ በሆነው ነገር ነው።

ከአንድ ድምፅ ወደ ሌላው ሲኬድ መንገዱ ራሱ እንዲሰማ ማድረግን ሙዚቀኞች ፖርታሜንቶ ይሉታል። ግሊሳንዶ የሚባለው የቅርብ ዘመዱ ነው፤ እሱ በአብዛኛው አቀናባሪው በኖታው ላይ ጽፎ የሚያዘው፣ መንሸራተቱ ራሱ ዋና ጉዳይ የሆነበት ነው። ፖርታሜንቶ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም። ተጫዋቹ ከዜማው ስሜት ተነስቶ እዚህ ይሁን፣ እዚያ ይቅር ብሎ ይወስናል።

ቫዮሊን ለዚህ የተመቸ መሣሪያ ነው። የጊታር አንገት በብረት መስመሮች ስለተከፋፈለ ድምፁ ከክፍል ወደ ክፍል እየዘለለ ይሄዳል። ቫዮሊን ላይ እንዲህ ያለ ወሰን የለም። ጣት የሚያርፍበት ጥቁር እንጨት ከጫፍ እስከ ጫፍ ልሙጥ ነው፤ በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ሁሉ ማሰማት ይቻላል። ነፃነቱ ግን ዋጋ አለው። በአንገቱ ጫፍ አካባቢ አንድ ግማሽ ድምፅ ወደ 18 ሚሊሜትር ቦታ ሲይዝ፣ አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ሲወጣ ቦታው በግማሽ ይጠብና 9 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ እጅ ርቀትን ሸምድዶ ብቻ አይሄድም። የሚመራው ጆሮ ነው።

ማሲንቆ ሲመታ ሰምቶ ላደገ ሰው ይህ ስሜት እንግዳ አይደለም። ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ክር ብቻ አላት፤ ጣት ክሩን ሲነካ ከታች የሚደግፈው ሰሌዳ የለም። ዜማው የሚያምረው ጣቱ ክሩን ሲያንቀጠቅጥ፣ ሲስብና ሲያንሸራትት ነው። ትዝታ የሚያዜም ድምፃዊም ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው በቀጥታ ከመዝለል ይልቅ ተንሸራቶ መድረስን ይመርጣል። አዲስ አበባ በሚገኘው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቫዮሊንም ማሲንቆም ይሰጣል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚማር ተማሪ ጆሮው ቀድሞ የሚያውቀውን ነገር እጁ እንዲያገኘው ማድረግ ነው የሚቀረው። የሚቀረው ግን ቀላል አይደለም።

ጀማሪ ለረጅም ጊዜ የሚጫወተው እጁን አንገቱ ጫፍ አጠገብ አድርጎ ነው። ይህ አንደኛ ፖዚሽን ይባላል። ወደ ሦስተኛው ፖዚሽን መውጣት ሲጀምር ክንድ፣ መዳፍና ጣቶች ሁሉ አብረው መሄድ አለባቸው፤ ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል። ብዙዎች የቫዮሊኑን አንገት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እንደ መጥረቢያ እጀታ ጨምድደው ይይዛሉ። የተጨመደደ እጅ መንሸራተት ስለማይችል ይዘላል፤ ሲዘልም ወይ ያልፋል ወይ ይጎድላል። ለዚህ ነው መምህራን ስለ ጣት ከማውራታቸው በፊት ስለ አውራ ጣት ደጋግመው የሚናገሩት። አውራ ጣት ላላ ብሎ ከእጁ ጋር ከተጓዘ ሌላው ይከተላል።

የመጀመሪያው ልምምድ ያለ ደጋን ይሠራል። ተማሪው ሌባ ጣቱን ክሩ ላይ ያሳርፍና ሳይጫን፣ ክሩ እንጨቱን ሳይነካ፣ እጁን ከአንገቱ ጫፍ እስከ ቫዮሊኑ ሆድ ወዲያና ወዲህ ያመላልሰዋል። ትከሻው ወደ ላይ ተሰቅሎ እንደሆነ፣ አገጩ ከልክ በላይ ተጭኖ እንደሆነ እዚህ ላይ ይታወቃል። ቀጥሎ ደጋኑ ይጨመራል። ጣቱ አሁንም እንደ ላባ የቀለለ ስለሆነ ፉጨት የሚመስሉ ቀጫጭን ድምፆች ይወጣሉ፤ ተማሪው ከዚህ ፉጨት የሚማረው ክሩን ለማናገር ምን ያህል ትንሽ ኃይል እንደሚበቃ ነው።

ከዚያ ወደ ሲ እና ሬ ይመለሳል። ሲን ተጭኖ ይጫወታል፤ ሲነሳ ጣቱን ያቀልላል፤ በመንገድ ላይ እንደቀለለ ይቆያል፤ ሬ ላይ ሲደርስ መልሶ ይጫናል። ከመነሳቱ በፊት ሬን በአፉ ቢያዜማት ደግሞ የበለጠ ነው፣ ምክንያቱም የሚሄድበትን ያልሰማ ጆሮ መድረሱን ሊያውቅ አይችልም። የቼኩ መምህር ኦታካር ሼቭቺክ ስምንተኛ ኦፐሱን ሙሉ በሙሉ ለዚህ የፖዚሽን ለውጥ ነው የሰጠው። ገጾቹ ሲታዩ ደረቅ ናቸው፤ ያለፈባቸው እጅ ግን ያስታውቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎችን የሚገርማቸው ነገር አለ። ለወራት የሚሠሩት መንሸራተቱ እንዳይሰማ ለማድረግ ነው። ሥርዓቱ ግን ትክክል ነው። መደበቅ የማይችለውን የሚያሰማ ተጫዋች መርጦ አላሰማም፤ እጁ አምልጦት ነው። መንሸራተት ስሜት የሚሆነው ማስቀረት እየተቻለ ሲሰማ ነው።

እጁ ከታዘዘ በኋላ ምርጫው ይመጣል። ሃንጋሪ የተወለደው ቫዮሊኒስትና መምህር ካርል ፍሌሽ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ባሳተመው ትልቅ የማስተማሪያ መጽሐፉ ፖርታሜንቶን በሁለት ከፍሎ አስቀምጦታል፤ ክፍፍሉ እስከ ዛሬ መማሪያ ክፍል ውስጥ ይሠራበታል። ሌባ ጣት ሲ ላይ አለ እንበል፤ መድረሻው ደግሞ በቀለበት ጣት የምትያዘው ፋ ናት። በመጀመሪያው ዓይነት የሚንሸራተተው ተነሺው ጣት ነው። ሌባ ጣት ከሲ እስከ ሬ ይሄዳል፤ እዚያ ሲደርስ የቀለበት ጣት ፋ ላይ ጠብ ይላል። መሃል ላይ ያለችው ሬ ራሷን ችላ መሰማት የለባትም፤ ከተሰማች ዜማው ውስጥ የሌለ ድምፅ ተጨመረ ማለት ነው። በሁለተኛው ዓይነት የሚንሸራተተው ደራሹ ጣት ነው። እጁ ወደ ላይ ሲሄድ የቀለበት ጣት ከፋ በታች ክሩ ላይ ያርፍና ከዚያ ተስቦ ፋን ያገኛታል።

የሁለቱ ስሜት ይለያያል። የመጀመሪያው ድምፆቹን አያይዞ ያልፋል፣ ጨዋ ነው። ሁለተኛው ይሞቃል፤ ዘፋኝ ከፍ ያለ ድምፅን ከበታቿ ተነስቶ ሲይዛት የሚሰማውን ናፍቆት ይመስላል። ስለዚህም ነው ቶሎ የሚበላሸው። ጣቱ ቀድሞ ከወረደና መንገዱ ከረዘመ ማላዘን ይሆናል።

ደጋኑን የዘነጋ ተማሪ ግራ እጁን ብቻ ሲያርም ይከርማል። ጣቱ በሚጓዝበት ቅጽበት ደጋኑ ትንሽ ቀለል፣ ዘግየት ካለ መንገዱ ጥላ ሆኖ ያልፋል፤ ደጋኑ እንደተጫነ ከቀጠለ በመንገድ ላይ ያለው ሁሉ በግልጽ ይሰማል። የደጋኑ አቅጣጫ የሚቀየርበት ሰዓትም ወሳኝ ነው። ተነሺው ጣት ሲንሸራተት አብዛኛውን ጊዜ የሚጓዘው ደጋኑ ሳይቀየር፣ በአሮጌው ምት ነው። ደራሹ ጣት ሲሆን ግን አዲሱ ምት ከመንሸራተቱ ጋር ይነሳል። ሰዓትን በተመለከተ የጥሩ ተጫዋቾች ልማድ ይታወቃል፤ የሚለቁትን ድምፅ እስከ መጨረሻዋ ድረስ ይይዙና ዘግይተው፣ ፈጠን ብለው ይሄዳሉ። ቀድሞ የተነሳ ጣት የመጀመሪያውን ድምፅ ዕድሜ ይሰርቃል።

ወደ ታች መውረድ ከመውጣት ይከብዳል፣ እጁ ወደ ኋላ ሲመለስ ቫዮሊኑን ይዞት ሊመጣ ስለሚሞክር። ጀርመናዊው ሉዊ ሽፖር እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ የአገጭ መደገፊያ ሲያበጅ ይህን ሸክም ከግራ እጅ ላይ አቀለለ። ያቺ ትንሽ እንጨት ስትጨመር ግራ እጅ እንደልቡ መጓዝ ጀመረ፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የመንሸራተት ፍቅርም አብሮ አደገ። ቤልጂጋዊው ሻርል ደ ቤሪዮ እ.ኤ.አ. በ1858 ባወጣው የቫዮሊን መማሪያ ፈጣን፣ ለስላሳና የሚጎተት ብሎ ሦስት የመንሸራተት ዓይነቶችን ለይቶ፣ ለእያንዳንዱም ምልክት ሰጥቶ አስተምሯል። መነሻው የሰው ድምፅ ነበር።

ያ ዘመን እንዴት ይጫወት እንደነበር መገመት አያስፈልግም፣ ሸክላ አስቀርቶልናል። የአቀናባሪው ብራምስ ወዳጅ የነበረው ቫዮሊኒስት ዮዜፍ ዮአኪም እ.ኤ.አ. በ1903 በ72 ዓመቱ ጥቂት ሸክላዎች አስቀርጿል። ድምፁ በጭረት ቢሸፈንም የጣቱ ጉዞ ፍንትው ብሎ ይሰማል፤ ድምፁን በጣት ማንቀጥቀጡ (ቪብራቶው) ግን በጣም ቁጥብ ነው። የቪየናው ፍሪትዝ ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1926 በርሊን ውስጥ የቤትሆቨንን ኮንቸርቶ ሲቀርጽ መንሸራተቱ ከንግግር የተለየ አይመስልም፣ የሚያስገድደው ነገር የለም። ከሁሉም በላይ ስሙ ከዚህ ጥበብ ጋር የሚነሳው ግን እ.ኤ.አ. በ1917 በ16 ዓመቱ ኒው ዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ የቀረበው ያሻ ሃይፌትስ ነው። እሱ የደራሹን ጣት መንሸራተት አሳጥሮ፣ አፍጥኖ፣ ልክ ከመድረሱ በፊት ብልጭ አድርጎ ያሳልፈዋል። ዛሬም ተማሪዎች ሊቀዱት ይሞክራሉ፤ አብዛኞቹ ፍጥነቱን ትተው ሙቀቱን ብቻ ስለሚወስዱ አይሳካላቸውም።

የሃይፌትስ መምህር ሊዮፖልድ አወር ግን ፍቅሩን በልክ ያደረገ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው መጽሐፉ መንሸራተትን ያበዛ ተጫዋች ጥበቡን እንደሚያረክሰው አስጠንቅቆ፣ ተማሪው ጥሩ ዘፋኞችንም መጥፎ ዘፋኞችንም እያዳመጠ ልዩነቱን ራሱ እንዲያውቅ መክሯል። ከዚህ የተሻለ የቤት ሥራ ማግኘት ያስቸግራል።

በኦርኬስትራም መንሸራተት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 አቀናባሪው ማህለር አምስተርዳም ሄዶ አራተኛ ሲምፎኒውን ሲመራ፣ የከተማዋ ኦርኬስትራ መሪ ቪለም ሜንግልበርግ በቅርብ ይከታተለው ነበር። ያው ሜንግልበርግ እ.ኤ.አ. በ1939 ሲምፎኒውን ሲመራ የተቀረጸው ዛሬ አለ፤ ቫዮሊኖቹ ሁሉ እንደ አንድ ሰው አብረው ይንሸራተታሉ። ለዛሬ አድማጭ መጀመሪያ ላይ ያስደነግጣል፤ ሁለተኛ ሲሰማ ግን ዜማው ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ ይገባል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየደበዘዘ ሄደ። ኖታው ላይ የተጻፈውን ብቻ በንጽሕና መጫወት የሚል አስተሳሰብ ገነነ፤ የማያቋርጥ ቪብራቶ ደግሞ የስሜትን ቦታ ያዘ። የሙዚቃ ታሪክ ተመራማሪው ማርክ ካትዝ ሸክላውንም ተጠያቂ ያደርጋል። መድረክ ላይ አንዴ ተሰምቶ የሚያልፍ መንሸራተት ሸክላ ላይ በሰማነው ቁጥር ያው፣ በዚያው ቦታ ይደገማል፤ ድንገተኛነቱን ሲያጣ ያሰለቻል፤ ተጫዋቹም ራሱን ሲሰማ ይሸማቀቃል። ክርክሩ አሳማኝ ነው። ጉዳቱ ግን ቀላል አልነበረም። መንሸራተትን እንደ ጥፋት ብቻ የተማሩ ትውልዶች ብራምስንና ኤልጋርን ሲጫወቱ አቀናባሪዎቹ ከጠበቁት የስሜት ቋንቋ ግማሹ ጎድሎባቸዋል።

ደቡብ ህንድ ይህን መቋረጥ አታውቀውም። ባሉስዋሚ ዲክሺታር (ከ1786 እስከ 1858) ከአውሮፓውያን የተማረውን ቫዮሊን ካርናቲክ ወደሚባለው የአካባቢው ሙዚቃ ካስገባው ወዲህ መሣሪያው ተቀምጦ የሚጫወት ሆነ። ተጫዋቹ መሬት ላይ እግሩን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ የቫዮሊኑ ጫፍ ቀኝ እግሩ ቁርጭምጭሚት ላይ፣ ሆዱ ደረቱ ላይ ያርፋል። ግራ እጅ የሚደግፈው ነገር ስለሌለ ክሩን ከላይ እስከ ታች እንደፈለገ ይመላለስበታል። ብዙውን ሥራ ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ይሠሩታል፤ ጣታቸውን ዘይት የሚቀቡም አሉ። በዚህ ሙዚቃ ያልተንሸራተተና ያልተወዛወዘ ድምፅ ብዙ ጊዜ ገና ያልተነገረ ይመስላል። የምዕራቡ ተማሪ ጥቂት ቀን ይህን ቢያዳምጥ መንሸራተት ከላይ የሚረጭ ቅመም ነው የሚለው ሐሳብ ይለቀዋል።

ቦታ መምረጥን ለመማር የድሮ ህትመቶች ከፍተኛ እገዛ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1845 የሜንደልሶንን ኮንቸርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተው ፈርዲናንድ ዳቪድ ያዘጋጃቸውን የመሰሉ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ህትመቶች ላይ፣ ተራርቀው በተቀመጡ ሁለት ኖታዎች አናት ላይ ተመሳሳይ የጣት ቁጥር ሲገኝ እጁ በዚያው ጣት ተንሸራቶ እንዲሄድ ነው። ሌላ ክር ላይ ወስዶ ሳይንቀሳቀሱ መጫወት እየተቻለ አንዱ ክር ላይ መውጣት ከተጻፈም ያው ነው። ተማሪው እርሳስ ይዞ እነዚህን ቦታዎች ቢያከብብ፣ ከዚያ ያንኑ ዜማ አንዴ ምንም ሳያሰማ፣ አንዴ በተነሺው ጣት፣ አንዴ በደራሹ ጣት ተጫውቶ በስልኩ ቢቀዳና በማግስቱ ቢሰማው፣ አብዛኞቹን ክቦች ራሱ ይሰርዛቸዋል። በአንድ ገጽ ሁለት ወይም ሦስት ይቀራሉ፤ እነሱም ብዙ ጊዜ ዘፋኝ ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ የሚወጣባቸው ሰፊ ርቀቶች ናቸው።