ከጎፈር እስከ ካናቴራ

ጦር ሜዳ የዋለን ሰው ለማክበር የሚለበሰውን ነገር በየዘመኑ ብንከታተል፣ ትልቁን ለውጥ የምናገኘው በለባሹ ላይ ነው። ድሮ የሚለብሰው የዋለው ራሱ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ለባሽ ያልዋለ ነው።

ዐፄ ምኒልክ በጥቅምት 1888 የሸዋን ሰው ወረኢሉ ላይ ሲያከቱ፣ የወሎው ራስ ሚካኤልም ፈረሰኞቻቸውን ይዘው ወደ አድዋ ሲዘምቱ፣ የሰው ማዕረግ ከሩቅ የሚለየው በልብሱ ነበር። ተራው ወታደር የበግ ለምድ ይደርባል፤ አለቃው የነብር ወይም የአንበሳ። ከጋማ የተሠራውን የራስ ጌጥ፣ ጎፈርን፣ ያሰረ ገድሏል፤ በክንዱ ቢተዋ ያጠለቀ ተሸልሟል። የአንበሳ ጎፈር ላልተገኘለት የጭላዳ ጋማም ያገለግል ነበር። ሳይገድሉ ጎፈር ማሰር ግን ነውር ነበር።

ከጎፈሩ ቀጥሎ የመጣው ሜዳይ በአገራችን ስም መጀመሪያ የተሠራው በጠላት አገር መሆኑ ይገርማል። ከወሎዋ ኩታበር በስተምዕራብ፣ በተንታ በኩል ያለውን መቅደላን በ1860 የወጉት የእንግሊዝ ወታደሮች አገራቸው ሲመለሱ የአቢሲኒያ ጦርነት ሜዳይ ተሰጣቸው። እኛ ዘንድ ምኒልክ የኢትዮጵያን ኮከብ ኒሻን አቋቋሙ። ሜዳይ በብዛት በአርበኛ ደረት ላይ የታየው ግን ከ1933 ድል በኋላ ነው። ደሴ ኅዳር 26 ቀን 1928 በጣሊያን ቦምብ ተደብድባለች፤ ነፃ የወጣችው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ነው። በመሐሉ አምስት ዓመት በዱር የቆየ ሰው የአርበኝነት ሜዳይ ከነዘንባባው ተሸለመ። ዘንባባው የትግሉን ዓመታት ስለሚቆጥር፣ ባለ 5 ዘንባባ ሲባል ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ሜዳይ ግን ሁሉንም አላስማማም። አምስቱን ዓመት ከጠላት ጋር የበላ ባለሥልጣን ሆኖ አርበኛው ደጅ ጠና የሚለው ቅሬታ ለረጅም ጊዜ አልበረደም። የወሎ ቦረናው ተወላጅ አርበኛ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በ1937 በስቅላት ተቀጣ። ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል፤ ጎፈሬው የታተመበትን ካናቴራ የሚለብሰው ወጣትም ብዙ ነው። አገር የሰቀለችውን ሰው ልጆቿ በደረታቸው ይዘውት ይዞራሉ። ከሜዳዩ ይልቅ የጎፈሬው ምስል መሰንበቱ፣ ለእኔ፣ ሕዝብ የራሱ የሽልማት ዝርዝር እንዳለው ያሳያል።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን በዓሉንም ለባሹንም አናወጠ። ደርግ የድል ቀኑን ንጉሡ አዲስ አበባ ከገቡበት ከሚያዝያ 27 ወደ መጋቢት 28 አዛወረው፤ ኢሕአዴግ ወደ ቀድሞው መለሰው። ከ1943 ጀምሮ ወደ ኮሪያ የተጓዙትና ከ120 በላይ ጓዶቻቸውን ያጡት የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች፣ የደርግ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር በተወዳጀበት ጊዜ ሜዳያቸውን በኩራት የሚያወጡበት አደባባይ አልነበራቸውም። በ1983 የደርግ ሠራዊት ሲበተን ደግሞ በሺህ የሚቆጠር የወሎ ልጅ ሜዳዩን ሣጥን ውስጥ ከቶ ወደ እርሻው ተመለሰ። ለዚህ ሰው ቀን ተቆርጦለት አያውቅም።

አሁን ያለንበት የካናቴራው ዘመን ነው። በ1933 የ18 ዓመት ጎረምሳ የነበረ አርበኛ 100 ዓመት አልፎታል፤ ስለዚህ ሚያዝያ 27 በአራት ኪሎ ሐውልት ዙሪያ ካኪና ለምድ ለብሰው የሚታዩት በአብዛኛው ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። የካቲት 23፣ የአድዋ ድል በዓል፣ ደግሞ ከዚህም ሰፍቷል፤ ከአዲስ አበባ አድዋ በእግራቸው የተጓዙ ወጣቶች አሉ፣ ባንዲራ የታሰረበት ግንባር አለ፣ የምኒልክና የጣይቱ ምስል የታተመበት ልብስ በየገበያው ይሸጣል። አንዳንድ ሽማግሌ ያልዋለበትን ለበሰ ብሎ ያኮርፋል። እኔ አላኮርፍም። የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

የጎደለውን ለማየት የእንግሊዞቹን ቀይ አበባ ልብ ማለት ይጠቅማል። ፖፒ የሚሉት ይህ የዱር አበባ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በታረሰው የቤልጂየምና የሰሜን ፈረንሳይ መሬት ላይ ይበቅል ነበር። ካናዳዊው ሐኪም ጆን ማክሬ በ1915 እ.ኤ.አ. በግጥሙ አነሣው፤ አሜሪካዊቷ ሞይና ማይክል በ1918 እ.ኤ.አ. ለመታሰቢያ ልልበሰው አለች። የእንግሊዝ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር በ1921 እ.ኤ.አ. ለሽያጭ ሲያወጣው በመጀመሪያው ዓመት ከ100 ሺህ ፓውንድ በላይ ገቢ ሆነ። በዓመቱ አካል ጉዳተኛ ወታደሮች አበባውን ራሳቸው የሚሠሩበት ፋብሪካ ተከፈተ። አበባውን የሚሰካው ያልዋለው ነው፣ ገንዘቡ የሚደርሰው ግን ለዋለው ነው። ዛሬ አበባው የሚያከራክራቸው ቢሆንም ሥራው ይሄ ነው።

የእኛ ካናቴራ ግን ትርፉ ለነጋዴው ነው። ነጋዴ ማትረፉ ነውር አይደለም፤ ሆኖም በልብሱ ላይ ስሙ የተጻፈው ዘማችም፣ ልጆቹም፣ ከኦጋዴን በአንድ እግሩ የተመለሰው ጎረቤቱም ከሽያጩ አንድ ብር አያዩም። ኩታበርና አካባቢዋ በ2014ቱ ጦርነት ውስጥ አልፈዋል፤ በዚያም አዲስ ቁስለኛ ተጨምሯል። ቁስሉን የሚያስታምመው አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰቡና እድሩ ነው።

ስለዚህ ለመጪው የካቲት 23 ካናቴራ ለምታሳትሙ የደሴና የኩታበር ወጣቶች የምለው አለኝ። ከእያንዳንዱ ልብስ ላይ ጥቂት ብር ለይታችሁ አስቀምጡ፣ በቀበሌያችሁ እድር በኩል ለዘማች ቤተሰብ አድርሱ፣ ስንት እንደተሰበሰበና ለማን እንደደረሰም በበዓሉ ቀን በአደባባይ አንብቡ።