ሦስቱ የፓስኪዬ ወንድማማቾች

በቫዮሊን፣ በቪዮላና በቼሎ ብቻ የሚጫወት የሦስት ሰዎች ጓድ ብርቅ ነው። አራት ሆነው ለሚጫወቱት የተደረሰው ሙዚቃ ብዙ ሲሆን ለሦስቱ የተደረሰው ግን ጥቂት ነው። ፓስኪዬ የሚባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች፣ ዣን በቫዮሊን፣ ፒዬር በቪዮላ፣ ታናሹ ኤትዬን በቼሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1927 ይህንኑ ጠባብ መንገድ መረጡ። ደራስያኑም አላሳፈሯቸውም፤ ዣን ፍራንሴ በ1933፣ አልቤር ሩሴል በ1937 ለእነርሱ ደረሱላቸው።

ጦርነቱ መጣና በ1940 ኤትዬን በጀርመኖች ተማርኮ ገርሊትስ ከተማ አጠገብ ከነበረው የምርኮኞች ሰፈር ገባ። የሙዚቃ ደራሲው ኦሊቪዬ ሜስያንም እዚያው ምርኮኛ ነበር። ቼሎ ስላልነበረ እስረኞቹ ገንዘብ አዋጡ፤ ኤትዬንም በዘበኛ ታጅቦ ከተማ ወርዶ ገዛ። ጃንዋሪ 15 ቀን 1941 በዚያ ብርድ፣ ሜስያን ስለ ዘመን ፍጻሜ የደረሰው ኳርቴት በቫዮሊን፣ በክላርኔት፣ በቼሎና በፒያኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ።

ሜስያን በኋላ ሲያወጋ ቼሎው ሦስት አውታር ብቻ ነበረው ይል ነበር። ወሬውም አገር ላገር ዞረ። ኤትዬን ግን አውታሮቹ አራት እንደ ነበሩ፣ በሦስት አውታርም ያን ሙዚቃ መጫወት እንደማይቻል ሲናገር ኖረ። እኔስ የማምነው ቀስቱን የያዘውን ሰው ነው።

ከተፈታ በኋላ በዚያው ዓመት በጁን ወር ድርሰቱ ፓሪስ ላይ ሲሰማ፣ ቫዮሊኑን ይዞ ከጎኑ የተቀመጠው ወንድሙ ዣን ነበር። በ1956 ሁለቱ ከሜስያንና ከክላርኔት ተጫዋቹ ከአንድሬ ቫሴልዬ ጋር በሸክላ አስቀረጹት። ሸክላውን ያገኛችሁ እንደሆነ ቼሎው ከፒያኖ ጋር ብቻውን የሚያዜምበትን አምስተኛውን ክፍል ለይታችሁ ስሙ።