አስታማሚ የገባበት ሆስፒታል

በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ሕንድ፣ በአምሪትሳር ከተማ የሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ከአቅሙ በላይ ተጨናንቆ ነበር። ሕንድና ፓኪስታን ከተለያዩ ገና ጥቂት ዓመት ነው። የላሆር ሆስፒታል ከድንበሩ ማዶ ቀርቷል፤ ሁለቱ መንግሥታትም የአእምሮ ሕሙማንን ሳይቀር በሃይማኖት ለይተው በ1950 ተለዋውጠዋል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በዚህ መሀል የሆስፒታሉ ኃላፊ ዶክተር ቪዲያ ሳጋር ግቢው ውስጥ ድንኳን አስተከሉ። ታማሚ ያመጣ ቤተሰብ ትቶት እንዲሄድ ሳይሆን ድንኳን ውስጥ አብሮት እንዲሰነብት አደረጉ። እናት ልጇን፣ ባል ሚስቱን እያስታመመ ያድራል፤ ሐኪሙም ቤተሰቦቹን ሰብስበው ስለ ሕመሙ ያወያያሉ።

ፔርሙዝና ምሳ ዕቃ ይዞ ሆስፒታል በረንዳ ላይ የሚያድር አስታማሚን ማየት ለለመደ አንባቢ፣ ይህ ምኑ አዲስ ነው ያሰኛል። አዲስ ያደረገው ከዚያ በፊት ያለፈው ሁለት መቶ ዓመት ነው።

ከዚያ በፊትማ ታማሚው በአብዛኛው ከቤቱ አይወጣም ነበር። ከሁለት ሺህ ዓመት ግድም በፊት እንደተጠናቀረ የሚነገርለት የአዩርቬዳ የሕክምና መጽሐፍ፣ ቻራካ ሳምሂታ፣ ለእብደት ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቶታል። አምስት ዓይነት ይቆጥራል፦ ሦስቱ ከነፋስ፣ ከሐሞትና ከአክታ መዛባት የሚመጡ፣ አራተኛው ከሦስቱም በአንድነት፣ አምስተኛው ከውጭ፣ ከአማልክት ወይም ከመናፍስት። ሕክምናውም እንደየዓይነቱ ነው፤ የሚያስመልስና ሆድ የሚያጸዳ መድኃኒት አለ፣ በዕፀዋት የተነጠረ ቅቤ መጠጣት አለ። የሚወደውን አጥቶ አእምሮው ለተናወጠ ሰው የጠፋበትን የሚመስል ነገር ተሰጥቶት እንዲጽናና ይመክራል። እዚያው ምዕራፍ ላይ ግን ታማሚውን ጥርሱ በወለቀ እባብ ወይም በሠለጠነ ዝሆን ማስደንገጥ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ማሰርም ታዝዟል። የጥንቱን ሁሉ ርኅሩኅ፣ ኋላ የመጣውን ሁሉ ጨካኝ አድርገው የሚተርኩ ሰዎች ይህችን ገጽ ዘለዋት ማለፍ ይወዳሉ።

በአጥር የተከበበው ቤት የመጣው ከእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጋር ነው። ቦምቤይ በ1745፣ ካልካታ በ1787፣ ማድራስ በ1794 የየራሳቸው የእብዶች ማቆያ ነበራቸው። መጀመሪያ ላይ የታሰቡት በዋናነት ለኩባንያው ወታደሮችና ሠራተኞች ነው። ነጭ ሰው አብዶ በአገሬው ፊት መታየቱ ለገዢነት ክብር አይበጅምና ብዙዎቹ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ይመለሳሉ፤ ከ1818 ጀምሮ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ለንደን ውስጥ ፔምብሮክ ሃውስ በተባለ የግል ማቆያ ኩባንያው እየከፈለ አስቀምጧቸዋል። የ1857ቱ አመፅ ከተነሣ በኋላ አገዛዙ ከኩባንያው ወደ ዘውዱ ሲዛወር በ1858 የወጣው ሕግ ደግሞ በየመንገዱ የሚንከራተቱ ሕሙማንን ፖሊስ ይዞ ለዳኛ እንዲያቀርብ አዘዘ። በየክፍለ ሀገሩ ማቆያ ተበራከተ፤ የአግራው በ1859 ተከፈተ።

እዚህ ላይ አንዲት የቅጽ ነገር ማንሳት ያስፈልጋል። ታማሚውን ወደ ማቆያው የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ ሳይሆን ፖሊስ ነው። የመግቢያ ወረቀቱ ደግሞ የእብደቱ መንሥኤ የሚሞላበት ቦታ አለው። ፖሊሱ ሰውየውን ያገኘው ገበያ መሀል ነው፤ ምክንያቱን ከየት ያምጣው? ብዙ ጊዜ «ጋንጃ» ተብሎ ይሞላል። እነዚህ ወረቀቶች እየተደመሩ በየዓመቱ ሪፖርት ሆኑ፤ ሪፖርቱም ካናቢስ ሕንድን እያሳበደ ነው ለሚል ክርክር ማስረጃ ሆኖ ለንደን ድረስ ሄደ። በ1893 እና በ1894 የሠራው የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን መዝገቦቹን አንድ በአንድ ሲመረምር አብዛኛው መንሥኤ መሠረት የሌለው ሆኖ አገኘው። አንድ እናት ወይም አንድ ወንድም ቢጠየቅ በአፍታ ይጣራ የነበረ ነገር ነው።

በ1918 ራንቺ ውስጥ ለአውሮፓውያን ብቻ የተከፈተው ሆስፒታል በአንጻሩ ሕሙማን የእጅ ሥራ የሚሠሩበት፣ በጊዜው የተሻለ የሚባል ቦታ ነበር። በ1920 መንግሥት «የእብዶች ማቆያ» የሚለውን ስም በየቦታው ሰርዞ «የአእምሮ ሆስፒታል» አለው፤ ግድግዳው ግን ያው ግድግዳ ነበር። ሌላ ነገር የተጀመረው ከግድግዳው ውጭ ነው። የካልካታው ሐኪም ጊሪንድራሼካር ቦስ በ1922 የሕንድ የሥነ ልቦና ትንተና ማኅበርን መሠረቱ፤ በ1933 በዚያው ከተማ በአንድ ጠቅላላ ሆስፒታል ተመላላሽ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ከፈቱ። ከሲግመንድ ፍሮይድ ጋር ለዓመታት ተጻጽፈዋል፣ በአካል ግን አልተገናኙም። ፍሮይድ 75 ዓመት ሲሞላቸው ማኅበሩ ከዝሆን ጥርስ የተቀረጸ የቪሽኑ ምስል ልኮላቸው ነበር፤ ዛሬ ለንደን ቤተ መዘክር በሆነው ቤታቸው ይገኛል። የሕንዱ ሊቅ ለመምህሩ እጅ የሚነሣ ብቻ አልነበረም፤ የእኔ ሕሙማን እናንተ እንደምትሉት አይደሉም ብሎ በደብዳቤ የሚሟገትም ነበር።

በነጻነት ዋዜማ፣ በ1946፣ ኮሎኔል ሙር ቴይለር የተባሉ የራንቺ ሐኪም የአገሪቱን ሆስፒታሎች ዞረው አዩ። 19 ሆስፒታል፣ 10,181 አልጋ፤ ለ40,000 ሰው አንድ አልጋ ገደማ መሆኑ ነው። አብዛኞቹ የተሠሩት ሰው ለማሰር እንጂ ለማዳን እንዳልሆነ ጻፉ። ቪዲያ ሳጋር የተረከቡት ይህን ውርስ ነው።

ድንኳኖቹ ያመጡት ለውጥ በሐኪሙ አነጋገር ቀላል ነበር። ዘመዱ ሲሻለው በዓይኑ ያየ ቤተሰብ፣ እብደት አይድንም የሚለው የቆየ ፍርሃት ይለቀዋል፤ ወደ ቤት ይዞት ሲመለስም ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። በደቡብ ሕንድ የቬሎር ክርስቲያን የሕክምና ኮሌጅ ሐሳቡን በ1950ዎቹ መጨረሻ ተቀበለ። በ1954 የአእምሮ ጤና ማሠልጠኛ ተቋም የተጨመረለት የባንጋሎር ሆስፒታልም (በ1974 ከተዋሐደ በኋላ ኒምሃንስ ተብሎ የሚታወቀው) እንዲሁ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅት በዘጠኝ አገሮች ስለ ስኪዞፍሬንያ ጥናት ሲጀምር አግራ አንዷ ማዕከል ነበረች። ሕሙማኑ ከዓመታት በኋላ ሲታዩ የአግራና የናይጄሪያዋ ኢባዳን ሕሙማን ከሀብታሞቹ አገሮች ሕሙማን ይልቅ የተሻለ ሁኔታ ላይ ተገኙ። ምክንያቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ እኔ ግን ቤተሰብን ከምክንያቶቹ ውጭ የሚያደርግ መልስ አያሳምነኝም።

መድኃኒቱም ከዚያው አገር የበቀለ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሳርፓጋንዳ የሚባለውን ሥር የሕንድ ባህላዊ ሐኪሞች ለእባብ ንድፊያም ለእብደትም ሲሰጡት ኖረዋል። በ1931 ጋናናት ሴንና ካርቲክ ቻንድራ ቦስ (ሌላ ቦስ ናቸው) የደም ግፊትን እንደሚያወርድና የተቆጣ አእምሮን እንደሚያረጋጋ በሕክምና መጽሔት ጻፉ። የስዊስ ተመራማሪዎች በ1952 ሪሰርፒን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ፤ በ1954 አሜሪካ ውስጥ ናታን ክላይን ለአእምሮ ሕሙማን መስጠቱን አሳወቀ። ግፊት ስለሚጥልና ድብርት ያመጣል ስለተባለ ክሎርፕሮማዚን በተባለ ሌላ መድኃኒት ተተካ እንጂ፣ የአእምሮ ሕመም በኪኒን ይታከማል የሚለውን ዘመን ካስጀመሩት አንዱ ነው።

ሆስፒታል የማይደርስ ሰው ደግሞ ወደ ቤተ እምነት ይሄዳል። በታሚል ናዱ ባለችው ኤርዋዲ መንደር የሙስሊም ቅዱስ መቃብር አለ፤ ሕሙማን ውኃውንና የመብራቱን ዘይት ፈልገው ይመጣሉ፣ ሃይማኖታቸውም አይጠየቅም። ወደ ቤት ሂድ የሚል ትእዛዝ በሕልም እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ጠበል ቦታ ሱባኤ የገባ ዘመድ ያለው ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ችግሩ በዙሪያው የተከፈቱት የግል ማቆያዎች ናቸው። ኦገስት 6 ቀን 2001 ሊነጋጋ ሲል ከእነዚህ አንዱ፣ የሣር ጣሪያ ያለው ዳስ፣ በእሳት ተያያዘ። ሕሙማኑ በሰንሰለት ታስረው ስለነበር 28 ሰው ሞተ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን በራሱ አነሣው፣ ማቆያዎቹም ተዘጉ።

ይሁን እንጂ ቤተ እምነቱን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት ስሕተት ነው። በዚያው ክፍለ ሀገር አንድ የሂንዱ መቅደስ ውስጥ የሰነበቱ 31 ሕሙማንን የኒምሃንስ ሐኪሞች ተከታትለው፣ ያለ መድኃኒት የሕመም ምልክታቸው በ20 በመቶ ገደማ መቀነሱን በ2002 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት አውጥተዋል። ማንም አላሰራቸውም፤ አብዛኞቹም አስታማሚ አብሯቸው ነበር። ጉጃራት ውስጥ በሚራ ዳታር መቃብር አጠገብ ደግሞ ጸሎት የሚያደርሱት ሰዎች ራሳቸው ታማሚውን ጎን ወዳለው ሐኪም የሚልኩበት አሠራር ተዘርግቷል። ከሁሉም ይህኛው ለእኛ የቀረበ ይመስለኛል። በ2011 የተጀመረ ፕራይም የተባለ የምርምር ሥራ ደግሞ ሕንድን፣ ኢትዮጵያንና ሌሎች ሦስት አገሮችን አጣምሮ፣ በሴሆር ወረዳና በእኛዋ ሶዶ ወረዳ የአእምሮ ሕክምና በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዲሰጥ ሞክሯል።

ሕንድ በ2017 ያወጣችው የአእምሮ ጤና ሕግ ሰንሰለትን ከለከለ፤ ያለ ማደንዘዣ የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምናንም እንዲሁ። ራሱን ለማጥፋት የሞከረ ሰው ከባድ ጭንቀት ላይ እንደነበረ ይታሰባል እንጂ አይቀጣም። ተግባሩ ግን ከወረቀቱ ርቋል፤ ከሕጉ በፊት በ2015 እና በ2016 የተደረገው ብሔራዊ ጥናት እንደ ሕመሙ ዓይነት ከ70 እስከ 92 በመቶ የሚሆነው ታማሚ ሕክምና እንደማያገኝ አሳይቶ ነበር። ድነው ሳለ የሚወስዳቸው አጥተው ሆስፒታል የቀሩ ሰዎችም አሉ። ቤተሰብ ሁልጊዜ ድንኳን ውስጥ የሚያድር አይደለም፤ ሚስቱን አምጥቶ በዚያው የሚጠፋ ባልም አለ። ሕጉ ይህንን ሳያስብበት አልቀረም፦ ታማሚው በጤናው ጊዜ እንዴት መታከም እንደሚፈልግ በጽሑፍ ማስቀመጥ፣ በሕመሙ ጊዜ የሚወክለውንም ሰው ራሱ መምረጥ ይችላል። ወኪሉ ዘመድ እንዲሆን አይገደድም።