የብስክሌተኛው ቦርሳ በምን ይታያል፣ በምንስ ያዋጣል?

ባሕር ዳር ስሟ ከብስክሌት ጋር የሚነሣ ከተማ ናት። አዲስ አበባም እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚዘልቅ የእግረኛና የብስክሌት ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥታለች፤ በኮሪደር ልማቱም በአንዳንድ ጎዳናዎች የብስክሌት መስመር ዘርግታለች። በሁለቱም ከተሞች ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል፤ ሰዓቱም ብዙ ሰው ከሥራ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ነው። አንድ አነስተኛ የስፌት ድርጅት ካገለገለ ዕቃ፣ ከሩቅ የሚታይ የብስክሌተኛ ቦርሳ ሠርቶ ሊኖር ይችላል ወይ? ለመመለስ የዓይንን አሠራር፣ የዕቃውን ምንጭና የወጪውን አወቃቀር በየተራ ማየት ያስፈልጋል።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። አሽከርካሪው አንድ ነገር አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ሰከንድ ተኩል ቢወስድበት መኪናው 25 ሜትር ይጓዛል፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ፈጽሞ እስኪቆም ደግሞ ሌላ 20 ሜትር ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ብስክሌተኛው ቢያንስ ከ45 ሜትር ርቀት መታየት አለበት። ጥቁር የለበሰ ሰው በዝቅተኛ የመኪና መብራት ብዙውን ጊዜ የሚለየው ከዚህ ቀርቦ ነው። የቦርሳው ሥራ ይህን የጎደለ ርቀት መሙላት ነው።

ርቀቱ ቀንና ማታ የሚሞላው በተለያየ መንገድ ነው። ቀን የሚሠራው ፍሎረሰንት ቀለም ነው፤ ዓይናችን የማያየውን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብሎ ወደሚታይ ብርሃን ስለሚለውጥ በዙሪያው ካለው ሁሉ ደምቆ ይታያል። ጀንበር ስትጠልቅ የሚለውጠው ጨረር ያጣል። ማታ የሚሠራው መላሽ ነጸብራቅ ነው፤ ይህም ብርሃንን ወደ መጣበት አቅጣጫ የሚመልስ ገጽ ማለት ነው። በመንገድ ሠራተኞች ሰደርያ ላይ ያለው ብርማ ጥብጣብ በደቃቅ የመስታወት እንክብሎች የተሸፈነ ነው። የመኪናው ብርሃን እንክብሉ ውስጥ ሲገባ ይታጠፋል፣ ከጀርባው ካለው አንጸባራቂ ሽፋን ይመለሳል፣ ሲወጣም እንደገና ታጥፎ ወደ መኪናው ያመራል። የአሽከርካሪው ዓይን ከመብራቱ ብዙም ስለማይርቅ ይህ ብርሃን ይደርሰዋል። እንግዲህ ቦርሳውን ደማቅ ቢጫ በማድረግ ብቻ የተወሰነ ሰው ለቀን የሚሆን ምርት ነው የሠራው።

ጥብጣቡ የሚሰፋበት ቦታም ውጤቱን ይለውጣል። በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ ብስክሌተኛው የለበሰውን ሰደርያ አንጸባራቂ ይሸፍናል፤ ነጂው ወደ መሪው ሲያጎነብስም የቦርሳው ገጽ ወደ ሰማይ ይዞራል። ዝቅተኛው የመኪና መብራት ደግሞ የሚያተኩረው ወደ መሬት ነው። ከኋላ ጎማ በላይ ባለው የዕቃ መጫኛ ጎን ላይ የሚንጠለጠል ቦርሳ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ብርሃኑ በሚበረታበት ከፍታም ላይ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ የአውስትራሊያ የሌሊት ሙከራ አሽከርካሪዎች ጥቁር ከለበሱ ብስክሌተኞች የለዩት 2 በመቶውን ነበር። ፍሎረሰንት ሰደርያ ከለበሱት 15 በመቶ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ከለበሱት 50 በመቶ፣ በዚያ ላይ በጉልበታቸውና በቁርጭምጭሚታቸው አንጸባራቂ ካሰሩት ደግሞ 90 በመቶ ለዩ። ፔዳል የሚመታ እግር ከፍ ዝቅ ሲል አእምሮ ወዲያው ሰው መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ከቦርሳው ጋር ሁለት የቁርጭምጭሚት ማሰሪያ አብሮ መሸጥ ቦርሳው ብቻውን የማይሰጠውን ይሰጣል። አንጸባራቂ ግን የመኪና መብራት ካላገኘው አይሠራም፤ የብስክሌቱን የራሱን መብራት አይተካም።

ቀጥሎ የዕቃው ምንጭ ነው። ማርቆስና ዳንኤል ፍራይታግ የተባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1993 ዙሪክ ውስጥ ከአሮጌ የከባድ መኪና ሸራ፣ ከብስክሌት የውስጥ ጎማና ከመኪና የደህንነት ቀበቶ ቦርሳ መሥራት ጀመሩ። ሸራው ውኃ ስለማያስገባ ለብስክሌተኛ የተመቸ ነበር፤ እያንዳንዱ ቦርሳ ከሌላው መለየቱም ዋጋውን ከፍ አደረገው። በእኛ ዘንድ ግን ያገለገለ ሸራ ተጥሎ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ተጠግኖ ይሠራል፣ ቀጥሎ የጉልት ጥላ ወይም የቤት ክዳን ይሆናል፤ መርካቶ ያለው ምናለሽ ተራም የሚኖረው በእንዲህ ያለ መልሶ መጠቀም ነው። አንድ ድርጅት ሙሉ ሸራ ገዝቶ ቢቆርጥ ቆሻሻ አልቀነሰም፤ ከሌላ ተጠቃሚ እጅ ወሰደ እንጂ። ትክክለኛው ጥሬ ዕቃ ለክዳን የማይበቃው ቁራጭ ነው፤ ለቦርሳ ጎን ደግሞ ክንድ የማይሞላ ቁራጭ ይበቃል። ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ማጠቡ፣ ቀዳዳውን እየሸሹ መቁረጡና መጠኑን ማመሳሰሉ ጉልበት ይፈጃል። የዕቃው ርካሽነት ወደ ሥራ ሰዓት ይዞራል ማለት ነው።

የአየር ጠባይም የራሱ ድርሻ አለው። ዓባይ ከጣና የሚወጣባት ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ ፀሐይዋ ፍሎረሰንት ቀለምን ቶሎ ታደበዝዛለች። ተመሳሳይ ሥራ በጎረቤት ሱዳን ቢታሰብ ደግሞ፣ ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር በሚገናኝባት ካርቱም ሙቀቱ በበጋ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፣ ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበልም ይነሣል። በዚያ ሙቀት በማጣበቂያ የተለጠፈ ጥብጣብ ይላቀቃል፤ አቧራ ሲሸፍነውም የሚመልሰው ብርሃን ይቀንሳል። በዚያች ከተማ የሚሠራ ቦርሳ ጥብጣቡ በፖሊስተር ክር የተሰፋ፣ ገጹም በእርጥብ ጨርቅ የሚወለወል መሆን አለበት። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን በተቀሰቀሰው ጦርነት የመብራት መስመር በተጎዳበት ሁኔታ ደግሞ በእግር የሚሠራው የስፌት መኪና ከኤሌክትሪኩ ይልቅ አስተማማኝ ነው።

ወደ ወጪው ስንመጣ ሸራው፣ ስፌቱና ኪራዩ በብር ይከፈላሉ፤ ጥብጣቡ ግን ከውጭ የሚገባ ነው። አንድ ቦርሳ ሁለት 60 ሳንቲ ሜትር ጥብጣብ፣ ማሰሪያዎቹ ደግሞ ሁለት 30 ሳንቲ ሜትር ቢወስዱ ድምሩ 1.8 ሜትር ይሆናል፤ 100 ሜትር ጥቅል ለ55 ቦርሳ ይበቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ እስከዚያ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ110 ብር አለፈ። በዶላር ዋጋው ያልተለወጠ ጥቅል በብር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። የቦርሳውን ዋጋ በአንድ ጊዜ የሚያናውጠው እንግዲህ ከሁሉም ትንሹን ስፋት የሚይዘው ክፍል ነው።

ዕድሜውም አጭር ነው። ጠንካራ ሸራ ለዓመታት ያገለግላል፤ የጥብጣቡ እንክብሎች ግን በመፋተግና በመታጠብ ቀድመው ይረግፋሉ። ጥብጣቡ ከቦርሳው ጋር አንድ ላይ ከተሰፋ፣ ቦርሳው ደህና ሆኖ ሳለ ማታ የማይታይ ዕቃ ይሆናል፤ ባለቤቱም ይህን በቀን ብርሃን አይቶ ሊያውቅ አይችልም። ጥብጣቡ ከቦርሳው ላይ በሚፈታ የጨርቅ መደብ ላይ ከተሰፋ ግን ያረጀው ብቻ ይለወጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ፣ ሥራው በእግሩ ሊቆም የሚችለው በሚለወጠው ክፍል ላይ ሲመሠረት ነው የሚል ነው። ጀማሪው ድርጅት በማንኛውም ቦርሳ ላይ የሚታሰር አንጸባራቂ መደብና የቁርጭምጭሚት ማሰሪያ አስቀድሞ ቢያወጣ፣ አነስተኛ ገንዘብ ላለው ብስክሌተኛ ይደርሳል፤ ጥብጣቡ ሲያረጅም ደንበኛው ይመለሳል። የሸራው ቦርሳ ቁራጭ በአስተማማኝ ሁኔታ ሲገኝ ሁለተኛ ምርት ሊሆን ይችላል። ቦርሳውን አስቀድሞ ጥብጣቡን እንደ ጌጥ የሚቆጥር ድርጅት ግን ጠንካራ ቦርሳ ይሸጥ ይሆናል እንጂ፣ ገዢው የከፈለበትን መታየት ለረጅም ጊዜ አይሰጥም።