የኮረም ረሃብ በለንደን መድረክ

ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን አልፎ ካራቆሬ የሚደርሰው አስፋልት፣ ደሴን፣ ወልድያንና አላማጣን አቋርጦ ኮረም ይወጣል። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸውንና ጋዜጠኛው ማይክል በርክ የተረከውን የረሃብ ዘገባ ቢቢሲ ለእንግሊዝ ሕዝብ አሳየ። ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍ ይህን አይቶ ከሙዚቀኛው ሚጅ ዩር ጋር ለረሃቡ እርዳታ ማሰባሰቢያ የሚሆን የገና ዘፈን ደረሰ፤ ኅዳር 16 ታዋቂ ዘፋኞችን ባንድ ኤይድ በሚል ስም ሰብስቦ አስቀረጸው። ሐምሌ 6 ደግሞ ለዚሁ ዓላማ ላይቭ ኤይድ የተባለው ኮንሰርት በለንደኑ ዌምብሌይና በፊላደልፊያ በአንድ ቀን ተካሄደ።

«ጀስት ፎር ዋን ዴይ» የተባለው ሙዚቃዊ ቲያትር የሚተርከው ይህንኑ የእንግሊዞች ምላሽ ነው። ጆን ኦፋረል ጻፈው፣ ሉክ ሸፕርድ አዘጋጀው፤ በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ በለንደኑ ኦልድ ቪክ ቲያትር ቤት መታየት ጀመረ። ከትኬቱ ሽያጭ 10 በመቶው ለባንድ ኤይድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ይሄድ ነበር።

እኔን የሚማርከኝ አሠራሩ ነው። የዴቪድ ቦዊን፣ የኩዊንንና የዩ ቱን የታወቁ ዘፈኖች ተዋናዮቹ እየዘፈኑ ታሪኩን ያራምዱታል። ታሪኩም የደራሲው ፈጠራ ብቻ አይደለም። በላይቭ ኤይድ ቀን ስታዲየም ከነበሩ ሰዎች ምስክርነት ተቀድቷል፤ ስለዚህ ዝነኞቹን ብቻ ሳይሆን ተራውን ሰውም መድረክ ላይ እናገኘዋለን። የዛሬ ዘመን ልጅ ደግሞ ብድግ ብላ ጌልዶፍን ትሞግተዋለች። ይህ ሙግት መኖሩ ደስ ይለኛል፤ ያለ እሱ ቲያትሩ ውዳሴ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ያም ሆኖ የመድረኩ ልብ ያለው ሰጪዎቹ ዘንድ ነው። በዚህ የቲያትሩን ሠሪዎች አልወቅሳቸውም፤ የራሳቸውን ሕዝብ ነው የመረመሩት። የእኛን ወገን መመርመር የእኛ ፋንታ ነው፤ ለምሳሌ ከካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ መጀመር ይቻላል።

በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ማብቂያ ላይ ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ይህን አካባቢ መታው። የማጀቴ ከተማ ፈረሰች፣ የካራቆሬ ቤቶች ተጎዱ፣ የደሴ መንገድ ተሰነጠቀ። ያን ቀን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው፤ አሁኑኑ ካልተጠየቁ ምስክርነታቸው አብሯቸው ይሄዳል። የአንድ ትምህርት ቤት የድራማ ክበብ ተማሪዎች ደብተር ይዘው አያቶቻቸው ዘንድ ቢቀመጡ፣ የሰሙትን በጋራ ትዕይንት በትዕይንት ቢያዋቅሩት፣ ቲያትሩ ይወለዳል። ጥያቄዎቹም ግልጽ ናቸው፦ መሬቱ ሲናጥ ማን ማንን ከፍርስራሽ አወጣ? ቤት የፈረሰበት የት አደረ? ወሬው አዲስ አበባ ሲደርስ ማን ተነሳ፣ ማንስ ዝም አለ?