ጥርስ ከመነቀሉ አስቀድሞ
ስለ ጥርስ መድፈኛዎች ጠባይና አያያዝ

ጥርስ ለሰው ልጅ ምግቡን የሚያላምጥበት፣ ቃሉን አጥርቶ የሚናገርበት፣ ሲስቅም ፊቱ የሚያምርበት ታላቅ ሀብት ነው። ሆኖም ባለቤቱ የሚያስበው በታመመ ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ፣ ብዙ ጊዜ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ለመዳን ሳይሆን ለመነቀል ነው። ይልቁንም እንደ ከላላ ባለው በደቡብ ወሎ ደጋ ለሚኖር ሰው ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ረጅም ነውና፣ ሕመሙን ታግሦ ሲሰነብት ትንሿ ቀዳዳ ሰፍታ እስከ ነርቡ ትደርሳለች።

እናቶቻችን በታመመ ጥርስ ላይ ቅርንፉድ እንዲነከስ የሚያዙት ያለ ምክንያት አይደለም። በቅርንፉድ ዘይት ውስጥ ዩጂኖል የሚባል፣ ሕመምን የሚያደነዝዝ ነገር ይገኛል። የጥርስ ሐኪሞችም ይህንኑ ዩጂኖል ዚንክ ኦክሳይድ ከተባለው ነጭ ዱቄት ጋር ለውሰው ለጊዜው መድፈኛ ያደርጉታል። ነገር ግን ቅርንፉድ ብቻውን ሕመሙን ያስታግሣል እንጂ ቀዳዳውን አይዘጋም። ሕመሙ ስለ ታገሠ ጥርሱ የዳነ የሚመስለው ሰው ራሱን ያታልላል።

ለዘለቄታው ከሚያገለግሉት መድፈኛዎች መካከል ቀደምትነት ያለው አማልጋም ነው። ይህም የብር፣ የቆርቆሮና የመዳብ ዱቄት ከባዚቃ፣ ማለት ከሜርኩሪ ጋር ተለውሶ የሚሠራ ሲሆን፣ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ባዚቃ ነው። ጽኑና ብዙ ዓመት የሚኖር ነው፤ ነገር ግን ከጥርስ ጋር በራሱ ስለማይጣበቅ፣ ሐኪሙ እንዲይዝለት ሲል ከደኅናው ጥርስ ጭምር መቦርቦር ግድ ይሆንበታል። የባዚቃውም ትነትና ዝቃጭ አየርንና ውሃን ስለሚበክል፣ በጃፓን ከተማ ስም የሚጠራው የሚናማታ ስምምነት በ2013 እ.ኤ.አ. ጸድቆ በ2017 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ ሲውል፣ መንግሥታት የአማልጋምን አጠቃቀም እየቀነሱ እንዲሄዱ አዟል። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2025 እ.ኤ.አ. መባቻ ጀምሮ ከጥቂት የሕክምና ምክንያቶች በቀር ከልክሎታል።

ሁለተኛው ኮምፖዚት ነው። መልኩ የጥርስን መልክ ስለሚመስል ለፊት ጥርስ ያምራል። ነገር ግን አያያዙ ጥንቃቄን ይጠይቃል። ጥርሱ ከምራቅ ፈጽሞ መድረቅ አለበት፤ መድፈኛውም ከሁለት ሚሊሜትር ባልበለጠ ውፍረት ተራ በተራ እየተነባበረ በሰማያዊ ብርሃን መብራት ይደርቃል። ሲደርቅ ጥቂት ስለሚሸማቀቅ፣ በችኮላ የተሠራው ከዳር ይከፈትና ጥርሱ እንደገና ይበሰብሳል። ደግሞም ዩጂኖል እንዳይደርቅ ስለሚያውከው፣ ቅርንፉድ ሲነክስ የሰነበተ ሕመምተኛ ይህን ለሐኪሙ አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል።

ሦስተኛው፣ ለእንደ ከላላ ላለ አገር ከሁሉ ይበልጥ የሚስማማው፣ ግላስ አዮኖመር የተባለው ሲሚንቶ ነው። ይህንን ዊልሰንና ኬንት የተባሉ እንግሊዛውያን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አወጡት። የመስተዋት ዱቄትና የአሲድ ፈሳሽ ሲለወሱ ከጥርሱ ጋር በራሱ የሚጣበቅ ሲሚንቶ ይሆናል፤ ጥርስን የሚያጠነክረውንም ፍሎራይድ ጥቂት በጥቂት ይለቃል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በታንዛንያ የተጀመረው ዘዴ እንዳስረዳው፣ የበሰበሰውን ክፍል በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርጎ በዚህ ሲሚንቶ መድፈን ይቻላል፤ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ አያሻም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 እ.ኤ.አ. ከአስፈላጊ መድኃኒቶች መዝገብ አስገብቶታል።

ነገር ግን ዕቃው መልካም መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ እጁም መልካም መሆን አለበት። ዱቄቱና ፈሳሹ በአምራቹ ልክ ሊመዘን፣ ፈጥኖም ሊለወስ ይገባል። ልውሱ ገና ሲያብረቀርቅ ካልተጨመረ አይጣበቅም። በደጋ ብርድ ዘግይቶ፣ በቆላ ሙቀት ግን ፈጥኖ ስለሚደርቅ፣ ሠሪው ያገሩን አየር ማወቅ አለበት። ከተደፈነም በኋላ ምራቅ እንዳያበላሸው በቫዝሊን ይሸፈናል፤ ሕመምተኛውም አንድ ሰዓት ያህል ሳይበላ ይቆያል። የዱቄቱ ጠርሙስ ክዳን ክፍት ከዋለ እርጥበት ይገባበትና ከንቱ ይሆናል። ጉድለቱም ከአማልጋም ይልቅ ቶሎ መበላቱና መሰበሩ ነው፤ ስለዚህ በየጊዜው ይታያል።

ይህን ሁሉ ማውሳታችን ስለ ልጆች ነው። ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት መንጋጋዎቹ በስተኋላ አዲስ መንጋጋ ይበቅልለታል። ማንም ሳይነቀል የወጣ ስለ ሆነ፣ ብዙ ወላጆች የወተት ጥርስ መስሏቸው ሲበሰብስ «ይነቀል፤ ሌላ ይተካል» ይላሉ። ነገር ግን ይህ የዕድሜ ልክ ጥርስ ነው፤ ከተነቀለ ሌላ አይበቅልም። በጊዜው ቢደፈን ኖሮ እስከ እርጅና ያገለግል የነበረውን ጥርስ፣ አንዲት የጉጠት ስበት ለዘለዓለም ታጠፋዋለች።

ስለዚህ የቤተ ሰብ ወላጆች የልጆቻቸውን አፍ በየጊዜው በብርሃን ከፍተው ይመልከቱ፤ ጥቁር ነጥብ ያዩ እንደ ሆነ ሕመም ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም ይውሰዱ። ወረዳ የሚያስተዳድሩ ሹማምንትም የጤና ጣቢያቸውን በጐበኙ ጊዜ፣ ጉጠት መኖሩን ብቻ ሳይሆን መድፈኛ ሲሚንቶና እርሱን የሚለውስ የሠለጠነ እጅ መኖሩን ይጠይቁ። ጉጠት ብቻ ባለበት ቤት ሕክምናው ሁሉ መንቀል ይሆናልና።