ለሕጻናት የመቅኔ ንቅለ ተከላ የጥራት ዕውቅና ለምን ያስፈልጋል?

በደም ካንሰር ወይም በተፈጥሮ የበሽታ መከላከል አቅም ማጣት ለሚሠቃዩ አንዳንድ ሕጻናት የግንደ ሕዋስ (ስቴም ሴል) ንቅለ ተከላ የመዳን ተስፋ ይሰጣል። እ.ኤ.አ በ1968 በአሜሪካ ሚኒሶታ የበሽታ መከላከል አቅም ሳይኖረው የተወለደ ሕጻን ከእህቱ በተወሰደ መቅኔ መዳኑ ለዘርፉ ፈር ቀዳጅ ነበር።

ሕክምናው ግን ከባድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የታማሚው መቅኔ አስቀድሞ በኬሞቴራፒ እንዲጠፋ ይደረጋል፤ ከዚያም ከለጋሽ የተገኘው ሕዋስ በደም ሥር ይሰጣል። አዲሱ መቅኔ ሥራ እስኪጀምር ባሉት ሳምንታት ሕጻኑ ለማንኛውም ተህዋሲ የተጋለጠ ነው። በዚህ ወቅት ያልታጠበ እጅ ወይም የተሳሳተ የመድኃኒት መጠን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

አሠራሩን ለመቆጣጠር በአሜሪካ ፋክት እ.ኤ.አ በ1996፣ በአውሮፓ ጄሲ በ1998 ተመሥርተዋል። ሁለቱ በጋራ ባወጡት መስፈርት የሕክምና ክፍሉ፣ ሕዋሱ የሚሰበሰብበት ቦታ እና የሚዘጋጅበት ቤተ ሙከራ ይመዘናሉ። መዛኞቹ በዚያው ሙያ የተሠማሩ የሌሎች ማዕከላት ባለሙያዎች ናቸው። ዕውቅናው ዘላቂ ባለመኾኑ በፋክት በየ3 ዓመቱ፣ በጄሲ በየ4 ዓመቱ ይታደሳል።

ዐዋቂዎችን በማከም ዕውቅና ያገኘ ማዕከል ለሕጻናትም ብቁ ነው ማለት አይደለም። ሕጻናትን የሚያክም ማዕከል በሕጻናት ሕክምና የሠለጠኑ ሐኪሞች እና ነርሶች ሊኖሩት ይገባል። ለጋሹ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ሲኾን ደግሞ የእርሱም ደኅንነት መጠበቅ አለበት፤ የለጋሹን ጤንነት የሚመረምረው ሐኪም የታማሚው ዋና ሐኪም እንዳይኾን መስፈርቱ ያዝዛል።

እ.ኤ.አ በ2014 የታተመ፣ ከ100 ሺህ በላይ ታካሚዎችን የዳሰሰ የአውሮፓ ጥናት የጄሲን ዕውቅና ባገኙ ማዕከላት የሞት መጠን በፍጥነት መቀነሱን አሳይቷል።

ዕውቅና የመዳን ዋስትና አይደለም። አርሶ አደሩ የሚገዛው ምርጥ ዘር ተፈትሾ ማለፉ ዝናቡን እንደማያረጋግጥ ኹሉ፣ ዕውቅናውም የሚመሰክረው ሥራው በሌላ ዐይን መታየቱን ነው። ስለዚህ ልጁን ለዚህ ሕክምና ወደ ውጭ ሀገር የሚወስድ ቤተሰብ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ማንሳት ይኖርበታል፦ ማዕከሉ ዕውቅና አለው? ዕውቅናው ሕጻናትን ያካትታል? ጊዜውስ አላለፈም?